የሞተር ዘይት ማጣሪያ ሠሪው ማን ነው?



የራሳችሁ መኪና ያላችሁም ሆነ የመሥሪያ ቤት መኪና በኀላፊነት የምትይዙ ሁሉ በየጊዜው የምትገዙት አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። ይኸውም የሞተር ዘይት ማጣሪያ፥ መካኒኮቻችንም ከጣልያንኛ ወስደው ፊልትሮ የሚሉት ነው። ዋጋው ከሌላው መለዋወጫ ጋር ሲተያይ ዝቅተኛ በመሆኑ ብዙ ሰው አይመራመርበትም፤ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ካለው ከፍሎ ይሄዳል። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ይህ «ኦሪጅናል» የሚባለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ፥ በካርቶኑ ላይ ስሙ የታተመው የመኪና ፋብሪካ በእርግጥ ማጣሪያውን የሚሠራው ራሱ መሆን አለመሆኑን፥ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የሚወጣውም ማጣሪያ በጥራት በምን እንደሚለያይ ነው።

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ፥ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያለው ሰው መኪናው ሲያረጅ በሌላ ኮሮላ እለውጣለሁ ብሎ ማሰቡ አስቸጋሪ ሆኗል። የኤሌክትሪኩ መኪና የሞተር ዘይትም የዘይት ማጣሪያም አያሻውም፤ እርሱ እስኪገዛ ድረስ ግን በእጅ ያለውን ሞተር በጤና ማኖር ግድ ነው። ሞተር አንድ ጊዜ ወርዶ ሲታደስ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስወጣ ደግሞ የቀመሰው ያውቀዋል።

አስቀድመን የዕቃውን ሥራ እንመልከት። የዘይት ፓምፑ ዘይቱን ከታች ካለው ቋት እየሳበ በኀይል ወደ ማጣሪያው ይገፋዋል፤ ዘይቱም በማጣሪያው ወረቀት ውስጥ አልፎ ወደ ክራንክ ሻፍቱ፥ ወደ ብሮንዚኑና ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ይሄዳል። በዚህ መንገድ የሚመጣው ቈሻሻ ሦስት ዐይነት ነው፤ ከብረቱ ፍግግት የሚወጣ ደቃቅ የብረት ብናኝ፥ በአየሩ በኩል ሾልኮ የገባ አቧራ፥ ከቃጠሎም የሚመጣ ጥላሸት ነው። ከሦስቱ ክፉው አቧራው ነው። አቧራ በዋናው ነገሩ የድንጋይ ደቃቅ ነውና ብረትን እንደ ሞረድ ይበላል።

መጠኑ የሚለካው በማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። በክራንክ ሻፍቱና በብሮንዚኑ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ግን ሞተሩ ጭነት በያዘ ጊዜ እስከ ጥቂት ማይክሮን ድረስ ይሳሳል። ስለዚህ ሞተርን የሚጎዳው በዐይን የሚታየው ትልቅ ቅንጣት አይደለም፤ እርሱ ከጠባቡ ስፍራ አይገባም። የሚጎዳው በዚያ ጠባብ ስፍራ ገብቶ ሁለቱን ብረት በአንድ ጊዜ የሚነካው፥ ከጠጉር እጅግ የሚያንሰው ቅንጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከጄኔራል ሞተርስ ወገን የወጣ ጥናት ይህን በቍጥር አሳይቷል። ሆን ተብሎ አቧራ በተጨመረበት ዘይት ሞተሮች ሲፈተኑ፥ እስከ 40 ማይክሮን ከሚያጠራው ማጣሪያ ይልቅ እስከ 30 ማይክሮን የሚያጠራው የሞተሩን መበላት በ50 በመቶ፥ እስከ 15 ማይክሮን የሚያጠራውም በ70 በመቶ ቀንሶታል። እርግጥ በመንገድ ላይ ያለ መኪና እንደዚያ ያለ አቧራ በዘይቱ ውስጥ አይጨመርበትም፤ ቢሆንም የነገሩ አካሄድ ግልጽ ነው።

ስለ ጥላሸቱ አንድ ቃል ልጨምር። የናፍጣ መኪና ሾፌሮች ዘይቱ በተለወጠ በጥቂት ቀን ሲጠቁር አይተው «ፊልትሮው አይሠራም» ሲሉ ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። የጥላሸት ቅንጣት ከአንድ ማይክሮን በታች የሆነ ነገር ስለ ሆነ ማናቸውም የተለመደ ማጣሪያ አይዘውም፤ በዘይቱ ውስጥ የተቀላቀለው ቅመም ራሱ በትኖ ይይዘዋል። ዘይት መጥቈሩ እንዲያውም ቅመሙ ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው።

መኪና በመጀመሪያ ዘመኑ ይህ ዕቃ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1923 ዓ.ም. ኧርነስት ስዊትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ከባልንጀራው ከጆርጅ ግሪንሃልጅ ጋር ሆኖ የአውቶሞቢል ዘይት ማጣሪያ ሠራ፤ ስሙንም ፒዩሮሌተር አሉት፤ ትርጓሜውም «ዘይትን የሚያጠራ» እንደ ማለት ነው። በሚከተለው ዓመት የወጣው የክራይስለር መኪና ይህን ማጣሪያ ይዞ ወጣ። ዛሬ ሁላችን የምናውቀው፥ እንደ ቈርቈሮ ጣሳ ሆኖ በጥርሱ እየተሽከረከረ የሚታሰረው ማጣሪያ ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ያወጣውም ዊክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው ዘይት የሚያፈስና እጅ የሚያቈሽሽ ስለ ነበር፥ የጣሳው ዐይነት ወዲያው በዓለም ተሰራጨ። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ የአውሮጳ ፋብሪካዎች፥ ቶዮታም በብዙ ሞተሮቹ፥ ጣሳውን ትተው ወረቀቱ ብቻ የሚለወጥበትን አሠራር መልሰው አምጥተዋል፤ የሚጣለው ብረት እንዲያንስ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቶዮታ፥ ሆንዳ፥ ሱባሩ፥ ፎርድ፥ መርሴዲስ፥ ስማቸው በማጣሪያው ላይ ቢታተምም ሠሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ናቸው። የመኪናው ፋብሪካ ሥዕሉንና ልኩን ይሰጣል፤ ምን ያህል ዘይት እንዲያሳልፍ፥ ምን ያህል ግፊት እንዲችል፥ ወረቀቱ ምን ዐይነት እንዲሆን ይወስናል፤ ማጣሪያ መሥራት ሙያው የሆነ ኩባንያ ደግሞ በዚያ ልክ ሠርቶ ያቀርብለታል። «ኦሪጅናል» ማለት እንግዲህ በመኪናው ፋብሪካ ልክ ተሠርቶ፥ በእርሱ ተፈትሾ፥ በእርሱ ስም የሚሸጥ ማለት ነው እንጂ በእርሱ እጅ የተሠራ ማለት አይደለም።

በአገራችን ጎዳና ላይ ከሁሉ የበዛው ቶዮታ ነውና ከእርሱ እንጀምር። ለቶዮታ ማጣሪያ ከሚያቀርቡት ዋነኛው ዴንሶ ነው። ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ የወጣ፥ ዛሬ በዓለም ከታላላቆቹ የመኪና ዕቃ አቅራቢዎች አንዱ የሆነ የጃፓን ኩባንያ ነው። ቀጥሎ በሐማማትሱ ከተማ የሚገኘው፥ ቀድሞ ቶዮ ሮኪ ይባል የነበረው፥ ዛሬ ሮኪ ብቻ የሚባለው ኩባንያ አለ፤ እርሱም ለቶዮታና ለሆንዳ ሠርቷል። ከዚህ ጋር ሰዎች የሚያሳስቱት ሌላ ኩባንያ ደግሞ ቶኪዮ ሮኪ ይባላል፤ እርሱ ግን ለሱባሩና ለኒሳን በማቅረብ የታወቀ፥ ከመጀመሪያው ጋር ዝምድና የሌለው ኩባንያ ነው። ስማቸው የተመሳሰለው «ሮኪ» በጃፓንኛ ማጣሪያ መሣሪያ ማለት ስለ ሆነ ነው፤ በእኛም አገር ሁለት ነጋዴዎች የየራሳቸውን ሱቅ «ዳቦ ቤት» ቢሉት ዘመዳሞች አይሆኑም።

ደግሞ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የቶዮታ የጣሳ ማጣሪያ መለያ ቍጥሩ በ90915 ይጀምራል። ከሰረዙ በኋላ የሚከተለው ግን ማጣሪያው በጃፓን ወይም እንደ ታይላንድ ባለ በሌላ አገር እንደ ተሠራ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ሁለት እውነተኛ የቶዮታ ማጣሪያዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በቀለም፥ በክብደትና በውስጥ አሠራር ጥቂት ቢለያዩ፥ አንደኛው የግድ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም።

ወደ አሜሪካ ብንሻገር፥ በዚያ ለሚሸጡት የሆንዳና የሱባሩ መኪኖች ለብዙ ዓመታት ማጣሪያ ያቀርብ የነበረው ፍራም ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1932 የተመሠረተ፥ ስሙም ከመሥራቾቹ ከፍራንክሊንና ከኦልድሃም ስም የተወጣጣ ነው። የሱባሩ ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ በጣም ተቈጥተው ነበር፤ ሰማያዊውን የአሜሪካ ማጣሪያ ትተው ጥቁሩን የጃፓን ማጣሪያ በውድ ዋጋ እያስመጡ የገዙም ብዙ ናቸው። የፎርድ ንብረት በሆነው በሞተርክራፍት ስም የሚሸጠውን ደግሞ ለረጅም ዘመን ሲሠራ የነበረው ያው ከ1923 ጀምሮ ያነሣነው ፒዩሮሌተር ነው።

ጀርመኖቹ ከማጣሪያ ሠሪዎች ሁሉ ሰፊውን ስፍራ ይዘዋል። በሉድቪግስቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1941 የተመሠረተው ማን ኡንድ ሁመል፥ የክኔኽትን የማጣሪያ ፋብሪካ የጠቀለለው የሽቱትጋርቱ ማህሌ፥ በ1958 በሙንስተር የተመሠረተው ሄንግስት፥ እነዚህ ሦስቱ ለመርሴዲስ፥ ለቢኤምደብሊውና ለፎልክስዋገን ቤቶች ያቀርባሉ። ማን ኡንድ ሁመል በተለይ እጁ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከቦሽ ጋር በእኩል ይዞት የነበረውን ፒዩሮሌተርን በ2013 ጠቅልሎ ወሰደው፤ በ2016 ደግሞ ዊክስን ገዛ። የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያወጣው ቤትና የመጀመሪያውን የጣሳ ማጣሪያ ያወጣው ቤት ሁለቱም በአንድ የጀርመን ባለቤት ሥር ገቡ ማለት ነው። እንግዲህ በመደብር መደርደሪያ ላይ ስድስት ዐይነት ካርቶን ቢደረደር ስድስት ፋብሪካ አለ ብሎ ማሰብ አያስፈልግም።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «ሠሪው አንድ ከሆነ ጥራቱም አንድ ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ለጥቂት ጊዜ እንዲህ ሳስብ ነበር። አንድ ልብስ ሰፊ ከአንድ ጣቃ ለሁለት ሰው ልብስ ሊሰፋ ይችላል፤ ልኩ ግን የየሰዉ ነው። የሱባሩን ነገር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በማንኛውም የተሟላ ማጣሪያ ውስጥ አንዲት ማሳለፊያ ቫልቭ አለች፤ ወረቀቱ በቈሻሻ ሲዘጋ ወይም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር፥ ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር ሞላዋን ገፍታ ያልተጣራውን ዘይት ታሳልፋለች። የሱባሩ ፋብሪካ ይህች ቫልቭ ግፊቱ 1.6 ባር ሲደርስ እንድትከፈት አዝዟል። ከውጭ የሚሸጡ፥ በጥርስና በጎማ ቀለበት ልክ በዚያው ሞተር ላይ የሚገጥሙ ብዙ ማጣሪያዎች ግን አንድ ባር ሳይሞላ ይከፍታሉ። ያው ኩባንያ ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል፤ አንደኛው ግን ለሱባሩ ተለክቶ የተሠራ፥ ሌላው ለብዙ መኪና እንዲሆን የተሠራ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። በአንዳንድ ሞተር ማሳለፊያዋ ቫልቭ የምትገኘው በማጣሪያው ውስጥ ሳይሆን በሞተሩ አካል ላይ ነው። ለእንዲህ ያለ ሞተር የተሠራውን ቫልቭ አልባ ማጣሪያ «ጥርሱ ገጠመ» ተብሎ በሌላ ሞተር ላይ ቢያስሩት፥ ወረቀቱ በተዘጋ ቀን ወይ ወረቀቱ ይቀደዳል ወይ ዘይቱ ይቀራል።

ሁለተኛው የጥራት መለያ መመለሻን የምታግደው የጎማ ቫልቭ ናት። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከማጣሪያው ተመልሶ ወደ ቋቱ እንዳይፈስስ የምትይዝ እርሷ ናት። ጠዋት ሞተር ሲነሣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ የሚሰማው የብረት መንቀጫቀጭ፥ ብዙ ጊዜ ይህች ቫልቭ ደርቃ ዘይቱን ባለመያዟ የሚመጣ ነው። ከተራው ጎማ የተሠራችው በሙቀትና በዕድሜ ትጠነክራለች፤ ከሲሊኮን የተሠራችው ግን ለስላሳነቷን ጠብቃ ትቈያለች። ማጣሪያው ወደ ጎን ወይም ተገልብጦ በሚታሰርበት መኪና ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ራሱ ወረቀቱ ነው። ተራው ወረቀት ከእንጨት ጭረት የሚሠራ ነው፤ ሻል ያለው ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት፥ ከሁሉ የላቀው በሙሉ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ነው። ይህ በአፍ የሚነገር ብቻ እንዳይሆን አይ.ኤስ.ኦ. 4548-12 የተባለ የዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ፤ ልኩ የታወቀ አቧራ በዘይት ውስጥ እየተጨመረ ደጋግሞ ሲያልፍ፥ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያሉት ቅንጣቶች ይቈጠራሉ። በአንዳንድ ካርቶን ላይ «ከ20 ማይክሮን በላይ ያለውን 99 በመቶ ይይዛል» ተብሎ የሚጻፈው ከዚህ ፈተና የተገኘ ነው። የማይክሮኑ ቍጥር ሳይጠቀስ «99 በመቶ» ብቻ የሚል ካርቶን ግን ምንም አልተናገረም፤ ወንፊትም ቢሆን ከጤፍ ውስጥ ድንጋይን 99 በመቶ ይይዛል።

እዚህ ላይ የራሴን አሳብ ልግለጽ። በዚህ በማጥራት ልክ ብቻ ከሄድን፥ የመኪናው ፋብሪካ ኦሪጅናል ማጣሪያ ሁልጊዜ አንደኛ አይወጣም። የመኪና ፋብሪካዎች ዘይቱ በቂ ሆኖ እንዲፈስስና ማጣሪያው ሳይዘጋ ዕድሜውን እንዲጨርስ ስለሚያስቡ፥ ከውጭ በውድ ዋጋ የሚሸጡ አንዳንድ ማጣሪያዎች ከኦሪጅናሉ አብልጠው ያጠራሉ። ኦሪጅናሉን የማስበልጠው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ግፊቱ፥ ቫልቩ፥ ጥርሱ፥ የጎማ ቀለበቱ ለዚያ ሞተር የተለካ መሆኑ አስቀድሞ ተረጋግጧል። ማንና ማህሌን የመሰሉ ታዋቂ ሠሪዎች ለዚያው ሞተር ብለው በራሳቸው ስም የሚሸጡትን ብንገዛም የምንጎዳ አይመስለኝም። አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ማጣሪያ ቈርጠው ወረቀቱን ዳርና ዳር የያዘው ክዳን ከላሜራ ሳይሆን ከካርቶን ሆኖ ሲያገኙት «ርካሽ ሥራ» ብለው ይፈርዱበታል። ካርቶኑ በጥሩ ሙጫ ከተያዘ ሥራውን ሊሠራ ይችላል፤ ላሜራውም ሙጫው ከለቀቀ ዋጋ የለውም። መታየት ያለበት ሙጫው ነው።

በአገራችን ግን የኦሪጅናልና የታዋቂ ሠሪ ክርክር ከመድረሱ በፊት ሌላ መከራ አለ፤ ይኸውም ሐሰተኛው ነው። ቶዮታ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ደንበኞቹን በስሙ ስለሚሸጡ ሐሰተኛ ማጣሪያዎች አስጠንቅቋል። እኔም በአንድ ስም የተጠሩ፥ ካርቶናቸው የሚመሳሰል ሁለት ማጣሪያዎች በብረት መጋዝ ቈርጬ ተመልክቻለሁ። አንደኛውን የገዛሁት ከወኪሉ፥ ሁለተኛውን ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ነበር። በመጀመሪያው ውስጥ ወረቀቱ በእኩል እጥፋት ተደርድሮ፥ ቫልቩ ከሞላው ጋር ተቀምጦ አገኘሁ። በሁለተኛው የወረቀቱ እጥፋት የተራራቀና የተንጋደደ፥ ቍጥሩም ከመጀመሪያው በብዙ ያነሰ፥ የጎማዋ ቫልቭ እንደ ደረቀ ቈዳ የጠነከረች ነበረች። የማሳለፊያዋ ቫልቭ ስፍራ አለ፤ ሞላው ግን በውስጡ የለም። ይህን ማጣሪያ ብገጥመው ኖሮ አንዱ ዘይት እንኳ ሳይጣራ እየዞረ፥ እኔ ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ በመለወጤ እመካ ነበር።

ሐሰተኛውን ሳይቈርጡ ለማወቅ ፍጹም የሆነ ዘዴ የለም፤ የሚረዱ ምልክቶች ግን አሉ። ጥርሱን በጣት ዳስሱት፤ ሸካራ ወይም ብናኝ ያለበት ከሆነ መልሱት። የጎማው ቀለበት በጎድጓዳው ውስጥ በእኩል መቀመጡን፥ በታችኛው ላሜራ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ልኬት አንድ መሆኑን ተመልከቱ። በካርቶኑ ላይ ያለው ቍጥርና በማጣሪያው ላይ የታተመው ቍጥር መስማማቱን አይታችሁ፥ ሻጩ ደረሰኝ ላይ ያንኑ ቍጥር እንዲጽፍ ጠይቁ። ቍጥሩን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ብዙ ነገር ነግሯችኋል።

ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ግዥ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ የእናንተ ነገር ከግለሰቡ ይለያል። ጨረታው ላይ «የዘይት ፊልትሮ፥ ብዛት 200» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፥ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሲያሸንፍ ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ የተጠየቀውን አቅርቧል። በዚያ ፈንታ የመኪናውን ሞዴልና የሞተሩን ዐይነት፥ የፋብሪካውን የዕቃ ቍጥር «ወይም በዚያው ልክ የተሠራ» ብሎ፥ የአይ.ኤስ.ኦ. 4548-12 የፈተና ውጤት እንዲቀርብ፥ ከመጣው ዕቃ ሁለቱ በኮሚቴው ፊት ተቈርጠው እንዲታዩ ቢጻፍ፥ ሐሰተኛው ገና ከበሩ ይመለሳል። ለመቈረጥ የሚጠፋው ሁለት ማጣሪያ ብቻ ነው። ዕቃው ተቈርጦ እንደሚታይ አስቀድሞ የሚያውቅ ነጋዴም የሚያመጣውን ይመርጣል።

የበጋው አቧራ ሲበረታ፥ በተለይ ወደ ጠጠር መንገድ ለምትወጡ፥ የአየር ማጣሪያውን አትርሱ። አቧራው ወደ ሞተር የሚገባው በብዛት በዚያ በኩል ነውና፥ የአየር ማጣሪያው ከተቀደደ ከሁሉ የላቀው የዘይት ማጣሪያም ሊያድነው አይችልም። አቧራ በበዛበት ወይም አጭር አጭር ጉዞ በሚበዛበት አገልግሎት ዘይትና ማጣሪያ የሚለወጥበት ጊዜ ከመደበኛው እንዲያጥር የመኪናዎቹ ፋብሪካዎች በመመሪያቸው ያዝዛሉ። «ዘይቱን አሁን፥ ፊልትሮውን በሚመጣው» የሚለው የጋራዥ ልማድ ግን ትርፉ አይታየኝም፤ አሮጌው ማጣሪያ የያዘውን ጥቁር ዘይት በአዲሱ ላይ ይደባልቃል።

በመጨረሻ ስለ አገጣጠሙ። አዲሱ ከመታሰሩ በፊት በጎማው ቀለበት ላይ ንጹሕ ዘይት በጣት ይቀባ። ቀለበቱ የሞተሩን ፊት ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ማጥበቅ ለአብዛኛው መኪና ይበቃል፤ በቁልፍ እያስጨነቁ ማጥበቅ በሚመጣው ጊዜ መፍቻ ማሳጣት ነው። ከሁሉ በፊት ግን መካኒኩ አሮጌውን ሲያወጣ የጎማው ቀለበት አብሮ መውጣቱን በዐይናችሁ እዩ። አንዳንድ ጊዜ አሮጌው ቀለበት በሞተሩ ፊት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ አዲሱ በላዩ ይታሰራል፤ ሁለቱ ጎማ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ይያያዛሉ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ተንሸራትተው ዘይቱን በሙሉ ያፈስሱታል። ስለዚህ ሞተሩን አስነሥታችሁ ከሥሩ አንድ ነጭ ወረቀት አንጥፉ፥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ጠብታ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ።